ከፊትም ከጎንም

አስተምሬ ወደ ቤቴ ሳዘግም እህቴን መንገድ ላይ ድንገት አገኘኋት። ትንሿን ልጇን አቅፋ ወደ ሆስፒታል እየሮጠች ነበር። ጠረጴዛ ላይ ከነበሩት ሳንቲሞች አንዱን ውጣለች አለችኝ፤ ልጅቷ ምራቋን እንኳ መዋጥ አቅቷታል። ተቀብያት ሮጥኩ። ሌላ የእህት ልጅ የለኝም።

ራጅ ክፍል ውስጥ ሽበት የወረሳቸው አንጋፋ ባለሙያና ለልምምድ የመጣች ተማሪ ነበሩ። ሽማግሌው ልጅቷን እያባበሉ ከፊት አነሷት። አንገቷ ሥር ክብ ነገር ነጭ ሆኖ ታየ።

«ሳንቲም ነው። ሐኪሙ ጠብቁ ይላችኋል፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይወርዳል» አሉ። እህቴ እፎይ አለች። ተማሪዋ ግን ከምስሉ ፊት አልተነቃነቀችም።

«ጋሼ፣ ከጎንም እናንሳት።»

የሽማግሌው ፊት ተለወጠ። እልኸኛ ቢሆኑም ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ምክንያታቸውም ከንቱ አልነበረም።

«ልጄ፣ ጨረር ውኃ አይደለም። ሕፃን ላይ አይደጋገምም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በአንድ ፎቶ ሠርቻለሁ።»

እህቴ ይህን ስትሰማ ልጇን ከእጄ ነጥቃ እቅፍ አደረገቻት። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። እኔ አስተማሪው ደግሞ የማንን ሐሳብ እንደምይዝ ግራ ገባኝ።

ተማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መለሰች። «ያሉት እውነት ነው፤ ያለ ምክንያት አንድም ፎቶ መነሣት የለበትም። ግን ራጅ ጥላ ነው፣ ጋሼ። ከፊት ያየነው ክብነቱን ብቻ ነው። ሳንቲምም ክብ ነው፣ የሰዓት ባትሪም ክብ ነው። ባትሪ ከሆነ ጉሮሮዋን ከውስጥ እያቃጠለው ነው፤ እስኪወርድ አይጠበቅም። ጨረሩን እዚያችው ቦታ ላይ አጥብበን በአንድ አፍታ እንጨርሳለን። ዳኛ እንኳ አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም።»

የልጅቷ ለሃጭ በእህቴ ክንድ ላይ ይወርዳል። ሽማግሌው ምስሉ ላይ የክቡን ጠርዝ በጣታቸው አንድ ዙር ተከተሉ። ከዚያ ከጨረር የሚከላከለውን ከባድ ሽርጥ አንሥተው እህቴን አለበሷትና ልጇን ወደ ጎን አዙራ እንድትይዝ አሳዩዋት።

የጎኑ ምስል ሲወጣ ነገርየው በአንድ ወገኑ ሰፊ በሌላው ጠባብ ሆኖ፣ ክዳን እንደተደፋበት ድስት ተደራርቦ ታየ።

«ደረጃ አለው» አሉ ሽማግሌው። «ሳንቲም ደረጃ የለውም።»

ለሐኪሙ ለመደወል ስልኩን ያነሡት ራሳቸው ናቸው። ልጅቷ ወዲያው ኦፕራሲዮን ክፍል ገባች፤ የወጣውም ከሳንቲሞቹ መሐል የነበረ የሰዓት ባትሪ ነበር። ጉሮሮዋ ተቃጥሎ ነበር፤ ጠብቀን ብናድር ኖሮ ሊበሳ ይችል እንደነበር ሐኪሙ ነገረን። ፈጣሪን አመሰገንኩ፤ ያቺን ተማሪም እንደዚያው።

ከሆስፒታል በወጣን ዕለት ልናመሰግናቸው ገባን። ሽማግሌው ምስጋናውን ወደ ተማሪዋ አሳልፈው እንዲህ አሉ፦ «ጥንቃቄ ማለት ትንሽ ማንሣት ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚበቃውን ማንሣት ነው። የበዛው ይጎዳል፤ የጎደለውም ይገድላል።»

ይህን እየተናገሩ ሳለ አንድ አባት ልጁን አቅፎ እየተንደረደረ ገባ።

«ሳንቲም ውጦብኝ ነው!»

«ምን እንደዋጠስ እኛ እንነግርሃለን» አሉት ሽማግሌው። ልጁን ከፊት አነሡትና፣ ተማሪዋ አፏን ሳትከፍት፣ ወደ ጎን አዞሩት።