ስም የሚጠራ በቀቀን

ወደ ሸጎሌ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት ወጣት ሴት አረንጓዴ ወፍ በሽቦ ጎጆ ይዛ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። አጠገቧ የተቀመጡት እናት አላስቻላቸውም።

«በቀቀን ነው?»

«አዎ እማማ። ሻጩ ጋ ከነበሩት ሦስቱ ይሄኛው ሲንጫጫ ነበር፤ እሱን መረጥኩ።»

«ያወራል?»

«ሰው ሲያወራ እየሰማ ይለምዳል ብሎኛል ሻጩ።»

«ቤታችሁ ወሬ አለ?»

«እሱ ነው ችግሩ። ከባሌ ጋር ከጥምቀት ጀምሮ ተኳርፈናል።»

«ሽማግሌ አልገባም?»

«ሁለቴ ገባ። በልተው ጠጥተው፣ መርቀውን ሄዱ።»

«ጎሽ። ሽማግሌ ያቃተውን ወፍ ያስታርቃላ።»

«እርቁስ ይቅር። ቤቱ ድምፅ እንዲኖረው ብዬ ነው።»

«ታዲያ ምን ሰምቶ ይለምዳል? በር በኃይል ሲዘጋ?»

«ቲቪ አለ።»

«እሰይ። ማታ ማታ ዜና ያነብላችኋል።»

«ስሜን ብቻ ቢጠራ ይበቃኛል።»

«ስምሽን ማን ሲጠራ ሰምቶ ልጄ?»

ወጣቷ ነጠላዋን ጎጆው ላይ ጣል አደረገች።

«እኔው ነኛ። ጧት ማታ ፊቱ ቁጭ ብዬ ራሴን እጠራለሁ።»

እኔ ባለቤቴን መጨረሻ በስሟ የጠራኋት መቼ እንደሆነ ሳስብ መውረጃዬ አለፈኝ።