አረንጓዴው መብራት

— ሄሎ?… አቤት፣ ማን ልበል?… አንተ ነህ እንዴ፣ አንደኛ! ባለፈው ሥልጠና የመለማመጃ አሻንጉሊቷን ከሁሉም ቀድሞ ያበራው! ምነው፣ ድምፅህ ምን ሆኗል?… ቀስ፣ ቀስ በል…

(እናንተ፣ እስቲ ጸጥ! አሻንጉሊቷን ተዉአትና ዝም በሉ።)

— ቀጥል ልጄ። ሥልጠና ላይ ነኝ፣ አዳዲስ ሐኪሞች ይዤ… ምን አልክ? ማደንዘዣ ሰጠሁ? አንተ? ብቻህን?… ማን ፈቀደልህ?… «ሰልጥነህ የለ!» አለህ? አለቃህ? በስመ አብ! እኔ እኮ የጠራኋችሁ ሙያውን እንድትወዱት ነው። ሰመመን የሚሰጥ ሐኪም ጠፍቶብን ላባብላችሁ እንጂ፣ በሦስት ቀን የሰመመን ሐኪም ላደርጋችሁ ነው?… እሺ፣ እሱን በኋላ። ሴትየዋ ምን ሆና ነው?… ወላድ… ደም እየፈሰሳት… ሌላ ሆስፒታል እስክትደርስ ታልቃለች… አለቃህ ቀዶ ሊያዋልዳት… ገባኝ። ስፒከር ላይ አድርገው፣ ነርሷ ትያዝልህ። አስተኛሃት፤ የመተንፈሻ ቱቦውንስ?… አስገባህ። ጎበዝ። ታዲያ ምን…

— አልበራም? ምኑ ነው የሚበራው?…

— ልጄ… ሰው እኮ መብራት የለውም! አሻንጉሊቷ ናት ቱቦው በትክክል ሲገባ አረንጓዴ የምታበራው። ስማኝ፣ መጠበቁን ተው! ማዳመጫህን ደረቷ ላይ አድርግ… ምንም? በግራስ?… አሁን ሆዷ ላይ… ይንቦጫረቃል?

— አውጣው! ሆዷ ውስጥ ነው የገባው፣ አውጣው!… ከንፈሯስ?… ጠቆረ? ወይኔ። ማስኩን ፊቷ ላይ፣ አገጯን ወደ ላይ፣ የአየር ከረጢቱን፣ አምቡ ባጉን ጭመቅ፣ አየር ስጣት… ደረቷ አልተነሳም? ነርሷ ስልኩን ታስቀምጥና ማስኩን በሁለት እጇ ትያዘው፣ አንተ ጭመቅ… ተነሳ? እሰይ! አታቋርጥ…

— የምን ድምፅ ነው?… ሕፃን? ሴት ናት? ተመስገን!… ልቧስ?… የሕፃኗን አይደለም ልጄ፣ የእናትየዋን… ቆመ? ደረቷን ግፉ። በኃይል! አጥንት ቢሰበርም ግፋ፣ አትፍራ… ደም አላችሁ?… የላችሁም… ግፉ…

— ሄሎ? ትሰማኛለህ?… ሄሎ!…

— … አለቃህ አቁሙ አለ? አንተስ፣ ዓይኗን አየኸው?… እሺ። እሺ የኔ ልጅ። እጅህን አንሳ።

— የለም፣ «ምን አጠፋሁ» አትበለኝ። መብራት ጠበቅህ። መብራቱን ያስገጠምኩት እኔ ነኝ፤ እንዳትሸሹን ብዬ፣ ጨዋታ አስመስዬ፣ ጭብጨባ ጨምሬበት… ወይ ነዶ!

— ባልየው በሩ ላይ ነው? አለቃህ ይንገረው እንጂ… ወጣ? እሳት ውስጥ ማግዶህ ሹልክ አለ?… እንግዲህ ያለኸው አንተ ነህ… አዎ፣ ይህንንም አላስተማርኩህም። ዙሪያ ጥምጥም አትሂድ፤ ሞተች በለው። ፊቱን እያየህ። ስልኩን ኪስህ ክተተው፣ አልዘጋም፣ እዚሁ ነኝ።

(ማነው ያበራው?… አንቺ ነሽ? ጎበዝ። አታጨብጭቡ! አታጨብጭቡ አልኩ! በይ አሁን ንቀይው። መብራቱን ነው የምልሽ፣ ከነሽቦው ንቀይው።)

— …

— … ሰማሁት። አዎ ልጄ፣ ጩኸቱን ሰማሁት። አሁን ስልኩን ዝጋውና አጠገቡ ቁጭ በል።