ከምሳ በኋላ የሚተነፍስ ማሽን

እትዬ፣ እዚህ ልቀመጥ? ሻይዎ ቀዝቅዟል እኮ፤ ሌላ ላስመጣልዎት? ይኼ የፋብሪካው ክበብ ጠረጴዛ ደስ ይላል... ድምፅም በደንብ ያስተላልፋል። ከኋላችን ማን እንደተቀመጠ እንኳ አላየሁም፤ ጀርባውን ነው የሰጠኝ። ሰፊ ጀርባ ነው፣ አይጉደልበት።

ባለቤትዎ እንዴት አደሩ? አውቃለሁ፣ እንቅልፍ ከየት ይመጣል። ከምሳ በኋላ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ "የሳሙና ማድረቂያውን ቬንትሌተር ግራሶ ሳትቀባ ኩሽኔታውን አቃጠልክ፣ ከሥራ ተሰናብተሃል" ሊባል የሚችል ሰው ምን ዓይኑ ይከደናል? ሳሙናው እርጥብ ቀረ፣ የሳቸው ጉሮሮ ደረቀ። ድሮ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነበር የሚባለው። አሁን ሰው ሠልጥኗል... አህያውም ዳውላውም ደህና ናቸው፤ የሚመታው "አህያው አነከሰ" ብሎ የተናገረው ነው።

ይልቅ ቬንትሌተሩ ላይ ስለተለጠፈችው ሴንሰር ላስረዳዎት። ማስረዳት እንደምወድ ያውቃሉ፤ ማንም ሳያስተምረኝ ከስልኬ ላይ የለቃቀምኩት ስለሆነ ካላወራሁት ያመኛል። የክብሪት ቀፎ የምታክል ነገር ናት። ሆዷ ላይ ማግኔት አለ፤ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ያለበት ብረት ላይ ለጠፍ ማድረግ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ነው የምትለካው፤ ምን ያህል ይንቀጠቀጣል፣ ምን ያህል ይሞቃል። ያንን ያለ ሽቦ፣ እንደ ሬዲዮ፣ ወደ መቆጣጠሪያው ስክሪን ትልካለች። ማሽኑ ጤነኛ ከሆነ አረንጓዴ፣ ካመመው ቢጫ፣ ሊሞት ከሆነ ቀይ። ሐኪም እጁን ግንባርዎ ላይ እንደሚያደርገው ይበሉት፤ ልዩነቱ ሐኪሙ ለምሳ ይወጣል፣ እሷ አትወጣም።

አንድ ጠባይ ግን አላት። የት እንዳለች አታውቅም። የተለጠፈችበትን ነው የምትናገረው። ቬንትሌተር ላይ ካደረጓት የቬንትሌተሩን፣ ግድግዳ ላይ ካደረጓት የግድግዳውን። ትናንት አንድ ክፍል የሚመሩ ትልቅ ሰው "ስክሪኑ አረንጓዴ ነበር፣ መሣሪያ አይዋሽም፣ ጥፋቱ የግራሶው ሠራተኛ ነው" ብለው የለ? እውነታቸውን ነው። መሣሪያ አይዋሽም። መሣሪያ ምን በወጣው።

ያ ቬንትሌተር ባለፈው ሰሞን ቢጫ አብርቶ ነበር፤ ያስታውሳሉ? ባለቤትዎ ሄደው "ይቁምና ኩሽኔታው ይቀየር" አሉ። ይቁም... እንዴት ተብሎ? "ማሽኑ ቆሞ የማያውቅ ክፍል" ተብሎ ፎቶው መግቢያው ላይ የተሰቀለ ሰው ማሽን ያቆማል እንዴ? ፎቶውስ ምን ይላል? በማግስቱ ግን ቢጫው ጠፋ። ሳይቆም፣ ሳይፈታ፣ አንድ ቡሎን ሳይላላ ዳነ። የአለቃው እጅ መድኃኒት ነው ብዬ ለስንቱ አወራሁ መሰለዎት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል... ቴርሞሜትሩን የደበቀስ? ለሱ የተተረተ አላገኘሁም። አንዳንድ ሰው ከተረትም ይቀድማል።

ከዚያማ ቬንትሌተሩ አረንጓዴ እንደሆነ ተቃጠለ። እኛ በጭስ ስንታፈን ስክሪኑ ጤና ነው ይላል። ሮጬ ሄጄ ሳይ ሴንሰሯ የለችም። አቧራው መሃል በሷ ልክ የሆነች ንጹሕ ቦታ ብቻ ትታ ሄዳለች። ጠፋች እንዳልል ትልካለች። ስልኬን ይዤ ምልክቷ የሚበረታበትን ተከተልኩ... ከማሽኑ ራቅሁ፣ በረታ። ደረጃውን ወጣሁ፣ በረታ። ምንጣፍ ያለበት ቢሮ ደረስኩ። ከወንበሩ ጀርባ፣ የብረቱ ቁምሳጥን ላይ ልጥፍ ብላለች፤ ወንበሩ ወደኋላ ሲል ጭንቅላት በሚያርፍበት በኩል። ማን ወሰዳት? ማንም። እግር አውጥታ ይሆናል። በዚያ ሙቀት እኔም ብሆን እሸሽ ነበር።

አልነካኋትም። በሰው ቢሮ ዕቃ መንካት ነውር ነው። የላከችውን ግን አየሁት፤ ሲያምር እትዬ። ጠዋት ጠዋት ጭጭ። ከምሳ በኋላ ቀስ ብሎ ይነሳል... ይወርዳል... ይነሳል... ይወርዳል። መሃል ላይ ቀጥ ይላል፤ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ። ከዚያ ኽርር ብሎ ይቀጥላል። ሌት ተቀን የሚሽከረከር ቬንትሌተር እንዲህ ያደርገዋል? እኔ አላነበብኩም። ይኼ ማሽን ግራሶ ሳይሆን ትራስ ነው የጎደለበት... አይሳቁ እትዬ፣ ጀርባው ይሰማል። ሻይ ትን አለው መሰለኝ።

ባለቤትዎ ኮሚቴው ፊት አይከራከሩ። አይማሉ፣ አያልቅሱ። "መሣሪያ አይዋሽም ተብሏልና የቬንትሌተሩ ስክሪን መዝገብ ይከፈትልኝ" ብቻ ይበሉ። አሁን ሮጦ ቢያነሳት እንኳ ሰው፣ የላከችው ተልኳል፤ ስትነሳም ነቅነቅ ማለቷን ትልካለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ... አንዳንድ እውነት ግን ንጋት ሳይሆን ምሳ ነው የሚጠብቀው።

ኧረ ጋሼ... እርስዎ ኖረዋል? ይቅርታ፣ በጀርባዎ አላወቅኩዎትም። ምነው፣ ሻይዎን ሳይጨርሱ? ስብሰባው እስኪደርስ ገና ነው፤ ወደ ቢሮዎ ወጣ ብለው ደገፍ ይበሉ እንጂ፣ ሰዓትዎ እኮ ነው። የበሉት ይስማማዎት። እንቅልፍዎን ያጣፍጥልዎት፣ ትንፋሽዎን ያርዝምልዎት... ከሥርዎ ምን ቢቃጠል፣ እግዜር እርስዎን ሁሌም አረንጓዴ ያድርግዎት።