ከዘርፈሽዋል ቀጥሎ

በቡታጅራ የምትገኙ የሰፈራችን እድር አባላት በሙሉ! የሰብሳቢያችን የአቶ ወልደአማኑኤል መነጽር ማክሰኞ ከረፋዱ በአምስት ሰዓት፣ ባለቤቱ ራሳቸው ተቀምጠውበት ተሰብሯል። የተሰበረው እኔ በምነዳው ባጃጅ ውስጥ ስለሆነ ምስክሩ እኔ ነኝ።

"ምንም አይደል" አሉ ስብርባሪውን ወደ ኪሳቸው እየከተቱ። "ከሆነ ጊዜ ወዲህ አያሳየኝም። ወይንሸት ስለገዛችልኝ ነው የማደርገው።" ባለቤታቸው ወይንሸት ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል።

ጥቂት እንደሄድን የታሪክ መምህርቷ ማስተዋል አስቆመችኝና አጠገባቸው ተቀመጠች።

"አባባ፣ እርስዎን ስፈልግ ነበር። ሰብሳቢነቱን ለምክትልዎ ለሃሊማ ቢያስረክቡ ምን ይመስልዎታል?"

"ሃያ ስድስት ዓመት የመራሁትን? ምን አጠፋሁ?"

"የእድርተኛችን የሸረፋ አባት ያረፉ ለት መልእክቱ ስልክዎ ላይ ሳይነበብ አደረ። ድንኳኑ ሳይደርስ ለቀስተኛውን ዝናብ መታው።"

እኔም እዚያው ነበርኩ። ትንፍሽ ያለ ሰው አልነበረም። እኛ ሰው ከምናስቀይም መበስበስ ይሻለናል።

"አንቺ ታሪክ አስተማሪዋ፣ በፈቃዱ ከሥልጣን የወረደ ማን አለ እስቲ?"

"እሱን እኮ ነው የማስተምረው! አጼ ምኒልክ አልጋ ላይ ሳሉ በስማቸው ትእዛዝ ይወጣ ነበር። ሲያርፉም ሞታቸው ተደበቀ፤ በወጉ እንኳ አልተለቀሰላቸውም።"

"ወራሽማ አስታውቀው ነበር።"

"አስታውቀዋል።"

"ታዲያ ወራሹስ ሰነበተ? ተሻረ!"

ማስተዋል ሳቀች። "አዩ! ንጉሡ አጠገቡ ሆነው ሊያርሙት አልቻሉም። እርስዎ ግን በጤናዎ ቢያስረክቡ፣ ሃሊማ ስትሳሳት 'ተይ ልጄ' ይሏታል።"

ሽማግሌው ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ስብርባሪ ዳሰሱ።

"በስብሰባ ላይ ስም መጥራቱን እንኳ ለእኔ ተዉልኝ። መዝገቡን ሳላይ በቃሌ እጠራዋለሁ። አንድ ሰው ረስቼ አላውቅም።"

"እሱስ እውነት ነው" አለች ማስተዋል፣ ወደ ውጭ እያየች። እኔም መንገዴን አየሁ።

"ዝናቡ ብዙ ነበር?" ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

"ጎርፍ ነበር፣ አባባ።"

"ሸረፋ ምነው አልነገረኝ?"

"ይወድዎታላ!" አለች ማስተዋል።

"እንግዲያው እሑድ አስረክባለሁ። ስሙንም እሷው ትጥራ።"

እሑድ መዝገቡንና የድንኳኑን ቁልፍ አስረከቡ። ከእንግዲህ መልእክት እንደመጣ ይነበባል፤ ድንኳን ከዝናብ ይቀድማል፤ የሚመክር ሽማግሌም አለን። ይህን ሁሉ ማስተዋል ቆማ አስረዳች፤ አጨበጨብን። ሃሊማም "ቢስሚላህ" ብላ መዝገቡን ገለጠች።

"አምሀ!"

"አለሁ!"

"ዘርፈሽዋል!"

"አለሁ!"

ሃሊማ ቀጣዩን ልትጠራ ትንፋሽ ስትወስድ፣ ሁለት ዓመት እንደለመደብን፣ ሁላችንም በአንድ ድምፅ "አለች!" አልን።

የማንም ስም አልተጠራም ነበር።

አቶ ወልደአማኑኤል ከወንበራቸው ቀና አሉ። "ወይንሸትን ስጠራ... 'አለች' የምትሉኝ አውቃችሁ ነበር እንዴ? እኔ እኮ በጫጫታው መሀል ልብ ሳትሉ በልማድ የምትመልሱ መስሎኝ ነው።"

"እኛማ እርስዎ ማረፏን የረሱ መስሎን..." ብላ ዘርፈሽዋል ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

"ኧረ እንዴት ብዬ!"

ሃሊማ መዝገቡን አጠፈች። ያን ለት ወይንሸትን እንደ አዲስ አለቀስናት።