ለሊኑክስ የሚሆን ላፕቶፕ ፍለጋ ባቲ

ከሚሴ ውስጥ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚሸጡትን ሁሉ አሰልችቻቸው ነበር። አስተማሪ ነኝ፤ የምፈልገው በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን፣ በነጻ የሚገኘውን ሊኑክስ ያለ ጣጣ የሚያሠራ ላፕቶፕ ነው። አንዱ ላይ ስሞክረው ዋይፋዩ ይጠፋል፣ ሌላው ላይ ድምፁ እምቢ ይላል። በመጨረሻ ሊኑክስ ያለበትን ፍላሽ ይዤ ባቲ ሄድኩና ሰዓዳ የምትባል ነጋዴ ሱቅ ገባሁ።

ፍላሹን ልሰካ ስል እጄን ያዘችው። «ወንድሜ፣ ቫይረስ ልታስገባብኝ ነው?»

«ኧረ እህቴ፣ በጭራሽ! ስነቅለው ላፕቶፑ እንደነበረው ይሆናል።»

አላመነችኝም። ከባንኮኒው ስር አቧራ የጠጣ ላፕቶፕ አወጣችና «በል በዚህ ሞክር፤ ሀርድ ዲስኩ ስለተቃጠለ ሁለት ባለሙያዎች አይሠራም ብለው ጥለውታል» አለችኝ። ፍላሹን ሰካሁት፤ ሊኑክሱ ከራሱ ከፍላሹ ስለሚነሳ ሀርድ ዲስክ አያስፈልገውም። ስክሪኑ በራ፣ ድምፁ ተሰማ፣ ዋይፋዩም የስልኬን ኢንተርኔት ያዘ። ሳላስበው «አገኘሁት!» ብዬ ጮህኩ።

«ወላሂ ተነሳ!» አለች ሰዓዳ። ወዲያው ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። «ይሄንንስ አልሸጠውም፤ ለልጄ ነው። ኮሌጅ ገብታ ላፕቶፕ አጥታ ተቸግራለች።»

ምነው አፌን በያዝኩ ኖሮ አልኩ በልቤ። ፊቴን አይታ ሳቀች። «አብሽር! ሱቁ ያንተ ነው፤ ሁሉንም ሞክር። ግን እኔንም እያሳየኸኝ።» አራተኛው ላይ የኔን አገኘሁ፤ ሊኑክሱን ጫንኩበትና ፍላሹን ለእሷ ትቼላት ሄድኩ።

ከወር በኋላ ደወለችልኝ። «ሁለት ላፕቶፕ መጥቶልኛል። አንዱ ለሊኑክስ ይሆናል፤ የሌላው ዋይፋይ እምቢ ብሏል፤ ራሴ ሞክሬዋለሁ። ጓደኛ ካለህ ላከው።»

ከሚሴ ላይ ኮምፒውተር አዋቂ የምባለው እኔ ነኝ። ላፕቶፕ ምረጥልኝ ያለኝን ሁሉ ግን ወደ ሰዓዳ ነው የምልከው።