የማመልከቻ ጸሐፊው ላፕቶፕ ለምን ዘገየ

በ2007 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ የዝውውር ማመልከቻ ለማስጻፍ ፈላና በር ከሚባለው የከተማው ግንብ በር አጠገብ ወዳለችው የአቶ ተክለጻድቅ ጠባብ ክፍል ገባሁ። እዚያው ከተማ አቦከር ወረዳ የማስተምር መምህር ነኝ፤ ባለቤቴና ልጆቼ ደሴ ከቀሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ማመልከቻ የሚቀበለው ቢሮ በዚያው ቀን አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይዘጋል፤ ካለፈኝ ለከርሞ ነው።

አቶ ተክለጻድቅ ከሠራዊቱ በጡረታ ተገልለው ማመልከቻ በመጻፍ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ግማሹን እንደጻፉ ላፕቶፑ ቀጥ ሊል ደረሰ። አንዷ ፊደል ከተጫኗት ብዙ ቆይታ ብቅ ትላለች። እኔ ብድግ ቁጭ እላለሁ።

«ሸክም ሲበዛበት አህያም ይቆማል» አሉ። «የአራት ዓመት ማመልከቻ አጭቄበታለሁ። የአምናውን ሁሉ ትናንት የሚጠፋ ጽሑፍ የሚጣልበት የላፕቶፑ ቅርጫት ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ አሁን ጨርሶ ይጥፋና ይቅለለው።»

በዚህ መካከል የጎረቤታቸው ልጅ ሳፊያ ለእናቷ የተጻፈ ደብዳቤ ልትወስድ ገባች። ኮምፒውተር ተምራ ጥገና ቤት ትሠራለች።

«ጋሼ፣ እባክዎ እንዳያጠፉት። የሰው ጉዳይ እኮ ነው።»

«ልጄ፣ ማሽኑ አርጅቷል። ያረጀ ወይ ይራገፋል ወይ ይጣላል። ሰኞ ድሬዳዋ ወርጄ አዲስ እገዛለሁ።»

«ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት ያዛል? ጽሑፉ የሚቀመጥበት ቦታ እንደ ጎተራ ነው። ሚሞሪ የሚባለው ግን ማሽኑ አሁን የያዘውን ሥራ የሚዘረጋበት ነው፤ እንደዚህ ጠረጴዛዎ። ጎተራውን ቢያራግፉ ጠረጴዛው አይሰፋም።»

«የጠበበው ጠረጴዛው መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ራሱ ይነግረናል» አለችና በማሽኑ ላይ የሚሠራውን ሁሉ የሚያሳየውን ዝርዝር ከፈተች። ጎተራው ግማሹ ባዶ ነው፤ ሚሞሪው ግን ከመቶ ዘጠና ስድስቱ ተይዟል። ሁለት የቫይረስ መከላከያዎች ባንድ ጊዜ ይሠራሉ፤ ከጠዋት ጀምሮ የተከፈቱ አሥራ አራት የኢንተርኔት ገጾችም አሉ።

«እህቴ፣ ሰዓቱ ሄደ» አልኳት። ማፈር ሲገባኝ አላፈርኩም።

የተጻፈውን አስቀመጠች፤ ገጾቹን ዘጋች፤ አንዱን መከላከያ አውጥታ ማሽኑን እንደገና አስነሳችው። ፊደሉ ከአቶ ተክለጻድቅ ጣት እኩል መሄድ ጀመረ። ማመልከቻዬን ይዤ ሮጥኩ፤ በሩ ሊዘጋ ሲል አስገባሁ።

ላመሰግን ስመለስ ክርክሩ አላለቀም፤ ሳፊያ ሚሞሪ ይጨመርበት ትላለች።

«ከዳነ ሚሞሪ መጨመሩ ለምን?» ይላሉ እሳቸው።

«ለጽሑፍ ብቻ ቢሆን ይቅርብዎት እል ነበር። ግን ስካን የተደረገ የቦታ ካርታና የፍርድ ቤት ውሳኔ ከፍተው እያዩ ነው የሚጽፉት።» ሁለቱን ከፈተች፤ የተያዘው ሚሞሪ ወዲያው ከመቶ ዘጠና አለፈ። «አዩት ጋሼ? ይኼ ሥራዎ ነው፤ ዝጉት አልልዎትም። ባዶ ማስገቢያ አለው፤ ያለውን ያህል ብንጨምርበት ይበቃዋል። አዲስ ከመግዛት በብዙ ይረክሳል። ካልተሻለው ወላሂ መልሼ አወጣዋለሁ።»

«እኔም በዕድሜዬ ብቻ ብፈረድ ኖሮ ከዚህ ወንበር ላይ ባልተገኘሁ ነበር» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ቅርጫቱን ከፍተው የሰዉን ማመልከቻ በገዛ እጃቸው ወደ ቦታው መለሱት።

ሚሞሪው በሳምንቱ ገባ። ያልተመረመረ ነገር ላይ መፍረድ የብዙዎቻችን ልማድ ነው፤ ኪሳችንንም ጎረቤታችንንም ይጎዳል። አቶ ተክለጻድቅ ግን አዲስ ላፕቶፕ ከመግዛት ዳኑ፤ ባለጉዳይም ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየመታው መቆም ቀረለት። ከሁሉ የበለጠው፣ በተረፋቸው ጊዜ እያንዳንዱን ማመልከቻ ከመታተሙ በፊት ለባለቤቱ ጮክ ብለው ማንበብ መጀመራቸው ነው። ዘሀራ የምትባል የድሬ ጠያራ ገበሬ፣ ማንበብ የማትችል፣ የአባቷ ስም ተሳስቶ መጻፉን በጆሮዋ ሰምታ እዚያው አሳረመች።