በወይዘሮ የዓለምዘርፍ ኩሬ ውስጥ ስለተጣለው ከሰል

የምስክሩ ስም፦ ፀሐዩ ልሳነወርቅ
ዕድሜ፦ 57
ሥራ፦ የታክሲ ሹፌር
አድራሻ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኦገስት 23 ቀን 2014
ቃሉ የተሰጠው በአማርኛ ነው።

ተከሳሹ አቶ ኪራኮስ የሥራ ባልደረባዬ ናቸው። ከከሳሿ ከወይዘሮ የዓለምዘርፍ ጋር ጠብም ሆነ ዝምድና የለኝም።

ኦገስት 2 ቀን ከሰዓት በኋላ አቶ ኪራኮስ የአሜሪካ ዜግነት በማግኘታቸው በግቢያቸው ድንኳን ተክለው ባዘጋጁት ግብዣ ላይ ተገኝቻለሁ። ለእንግዶቹ ሸክላ ጥብስ ቃል ገብተው ነበር። የሱቅ ከሰል ነዳጅ ነዳጅ ይሸታል ብለው ቤታቸው አያስገቡም። በዚያ ቀን ጋራዥ ውስጥ አንድ ጆንያ ጥቁር ከሰል አገኙ። አብራቸው የምትኖረው የወንድማቸው ልጅ ትርሲት ልታስደስታቸው ደብቃ ያመጣችው መሰላቸው። "ልጅ ማለት እንዲህ ናት!" እያሉ ተሸክመውት ወጡ።

ከሰሉን በሙሉ ምድጃው ላይ ዘርግፈው ቢለኩሱት አልያያዝ አለ። ቢያራግቡትም ያው ነው። "ዜጋ ከሆንክ ወዲህ እሳት ማያያዝ ረሳህ እንዴ?" አልኳቸው። ጥብሱ በመጨረሻ ወጥ ቤት በስቶቭ በስሎ መጣ። ለወጉ ያህል ከየሸክላው ሥር ከዚያው ከሰል ሁለት ሦስት ፍሬ ተደርጎበት ነበር። በላሁ፤ ሁለቴም አስጨመርኩ።

አቶ ኪራኮስ ግን እልህ ይዟቸው በምድጃው ላይ የማቀጣጠያ ፈሳሽ ጠርሙስ ሙሉ አርከፈከፉበት። ነበልባሉ ቦግ ብሎ የድንኳኑን ጫፍ ያዘ። በድንጋጤ ከሰሉን በአካፋ እየዛቁ በአጥሩ ላይ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ኩሬ ወረወሩት። ወይዘሮዋ "ዓሦቼን ፈጀልኝ!" እያሉ ወጡ።

ትርሲት አጠገባችን ካለችው ከአሌክሳንድሪያ ከተማ የደረሰችው በዚህ ጊዜ ነው። ባዶውን ጆንያ አይታ "ጋሼ፣ ለመመረቂያ ቴሲሴ የሠራሁት ነው! ሌላ የለኝም!" ብላ አለቀሰች። ከሰሉ ከፍሳሽ ማጣሪያ ከሚወጣ ዝቃጭ የተሠራ መሆኑን፣ ውኃን አረንጓዴ የሚያደርገውን ፎስፈረስ ይዞ እንደሚያስቀር፣ በሴፕቴምበር አሌክሳንድሪያ ባለ ኩሬ በመምህሮቿ ፊት ሞክራ ካላሳየች እንደማትመረቅ ነገረችን። አንድ እንግዳ "የምን ፍሳሽ?" አላት። "የሽንት ቤት" አለች። እጄ ላይ የነበረውን ጉርሻ መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ።

ትርሲት እያለቀሰችም ቢሆን ከኩሬው አንድ ጠርሙስ ውኃ ቀድታ ወሰደች። ወይዘሮዋ ለጎመናቸው የሚነሰንሱት ማዳበሪያ በዝናብ ታጥቦ እየገባበት ኩሬው ዘወትር አረንጓዴ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሄደን ስናየው ውኃው ጠርቷል። ዓሦቹ ቀይ መሆናቸውን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ትርሲት እንደገና ቀድታ ስትመረምር ፎስፈረሱ በጣም ቀንሶ አገኘችው።

አቶ ኪራኮስ ይቅርታ ጠይቀው ከሰሉን ላውጣልዎት ቢሏቸው ወይዘሮዋ "ከኩሬዬ አንዲት ፍሬ ትውጣና ሌላ ክስ ነው የምጨምርብህ!" አሏቸው። ትርሲትም ከሰሉ እዚያው ይቆይና ሙከራዬን በዚህ ኩሬ ላሳይ ብላ ለመነች። ስለዚህ መምህሮቿ በሴፕቴምበር የሚመጡት ወደ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ግቢ ነው። ወይዘሮዋ ሸክላ ጥብስ አበላቸዋለሁ ብለዋል። ከሰሉን ግን ከሱቅ ገዝቼ የማመጣው እኔ እንደሆንኩ ሁላችንም ተስማምተናል።

ሁለቴ ማስጨመሬን ጨምሮ ከላይ ያለው በሙሉ ያየሁትና የሰማሁት እውነት ነው። የበላሁት ግን ከሰሉ ከምን እንደተሠራ ከማወቄ በፊት መሆኑ እንዲመዘገብልኝ አመልክቼ፣ ተነቦልኝ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ፀሐዩ ልሳነወርቅ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ዘሪሁን እንግዳወርቅ